በሕሙም መብል ላይ ዕጣ ስለ መጣል

የተራበን ማብላትና የታመመን መጠየቅ በኋለኛው ፍርድ ሰው ሁሉ ከሚጠየቅባቸው ምግባራት መካከል መሆናቸውን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንማር ለኖርን ሰዎች፣ አንድ ሐኪም መዋጥ የተሳነውን በሽተኛ ከፊቱ አስተኝቶ፣ ምግብ በቱቦ ይሰጠው ወይስ ይቆይ የሚለውን ነገር በራሱ ፍርድ ሳይሆን በዕጣ ወሰነ ሲባል ብንሰማ፣ ልባችን መደንገጡ የማይቀር ነው። መብል እንደ መድኃኒት የሚመረመር ነገር ነውን? ዕጣስ በሰው ነፍስ ላይ የሚያዝ የጥበብ መሣሪያ ሊሆን ይገባዋልን? ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ነገር በእርግጥ ተደርጓል፤ መዋጥ ስለተሳናቸው ሕሙማን አመጋገብ ዛሬ ካለን ዕውቀት ሁሉ ጽኑ የሆነውም በዚሁ መንገድ የተገኘው ነው። ስለዚህ ድንጋጤያችን ከፈሪሃ እግዚአብሔር የመነጨ ነው ወይስ ነገሩን ካለመመርመር የሚለውን በዝግታ ማየት ተገቢ መስሎ ይታየኛል። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር እጽፋለሁ።

የሕያው ሰው ጨጓራ የተመረመረበት ታሪክ የሚጀምረው በአደጋ ነው። በጁን 6 ቀን 1822 በሰሜን አሜሪካ በማኪናክ ደሴት ላይ፣ ለጠጕራም የአውሬ ቆዳ ነጋዴዎች ጀልባ እየቀዘፈ የሚያድር አሌክሲስ ሴንት ማርቲን የሚባል ካናዳዊ ድኻ፣ ከቅርብ በባረቀ ጠመንጃ ሆዱን ተመታ። የሠራዊቱ ሐኪም ዊልያም ቦሞንት ይሞታል ብሎ ሲጠብቀው ሰውየው ዳነ፤ ነገር ግን ቁስሉ ሲሽር የጨጓራው ግድግዳ ከሆዱ ቆዳ ጋር ስለ ተጣበቀ፣ ወደ ውስጥ የሚያሳይ ቀዳዳ ሳይደፈን ቀረ። ቦሞንት በዚያ ቀዳዳ ሥጋና ዳቦ፣ ጥሬ ጎመንም ሳይቀር በሐር ክር እያሰረ አስገብቶ፣ በየሰዓቱ እየሳበ እያወጣ፣ ምግብ በጨጓራ ውስጥ የሚልመው በመታሸት ብቻ ሳይሆን በአሲድ ጭማቂ ኃይል ጭምር መሆኑን አረጋገጠ፤ ከ200 የሚበልጡትን ሙከራዎቹንም በ1833 ባሳተመው መጽሐፍ ዘረዘራቸው። ዕውቀቱ ታላቅ ነበረ። ሰውየው ግን በ1832 ለቀለቡ፣ ለማደሪያውና ለ150 ዶላር ሲል፣ ለአንድ ዓመት ጨጓራውን ለሙከራ የሚያቀርብ አገልጋይ ለመሆን የውል ወረቀት ላይ ምልክቱን አኑሯል፤ ደጋግሞም ወደ አገሩ እየሄደ ተለይቶታል፤ በ1880 በሞተ ጊዜም ቤተ ሰቦቹ ሐኪሞች ጨጓራውን እንዳይወስዱት ብለው አስከሬኑ እስኪፈርስ ድረስ ሳይቀብሩ አቈይተውታል። ከዚህ ታሪክ ውስጥ ኃጢአቱ የቱ ላይ እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ኃጢአቱ የማወቅ ፍላጎት አይደለም፤ ፍጥረትን መመርመር ለሰው የተሰጠ ጸጋ ነውና። ኃጢአቱ የሚመረመረው ሰው ከምርመራው ለራሱ ምንም የማያገኝ፣ አይሆንም ለማለትም ድኽነቱ የከለከለው መሆኑ ነው፤ የሌሎችን ሆድ ምሥጢር ለማወቅ የአንዱ ሰው ረኃብ ማሰሪያ ሆነ።

ከዚህ በኋላ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና የራሱን መንገድ ያዘ። በ1837 ኤገበርግ የሚባል የኖርዌይ ሐኪም፣ የምግብ መውረጃ ቧንቧው በበሽታ ለተዘጋበት ሰው በሆዱ በኩል ወደ ጨጓራው በር ቢከፈትለት ምን ይከለክላል የሚል አሳብ አቀረበ፤ በ1849 በስትራስቡርግ ሴዲዮ አሳቡን በሰው ላይ ፈጸመው፤ በሽተኛው ግን አልዳነም፤ ከርሱ በኋላ የተሞከረባቸውም ብዙዎቹ ሞቱ። በ1876 በፓሪስ ቬርነይ የሚያቃጥል ኬሚካል ውጦ ጉሮሮው ለተዘጋ ልጅ ሠርቶለት ልጁ ዳነ፤ በ1894 ስታም የጻፈው ስልትም እስከ ዛሬ ድረስ ቀዶ ሐኪሞች የሚሠሩበት ነው። ሆድን በቢላዋ ሳይከፍቱ ቱቦ ማስገባት የተቻለው በክሊቭላንድ ከተማ በ1979 ነው፤ ጋውደረርና ፖንስኪ የሚባሉ ሁለት ሐኪሞች አምስት ወር ላልሞላው ሕፃን፣ በአፉ ባስገቡት የኢንዶስኮፒ መሣሪያ ብርሃን የሆዱን ግድግዳ ከውስጥ አብርተው፣ ብርሃኑ በቆዳው ላይ በታየበት ስፍራ በመርፌ ወግተው ክር አስገቡ፤ ክሩን በአፍ በኩል አውጥተው ቱቦውን አሰሩበት፤ ከዚያም ክሩን ወደ ታች ሲስቡት ቱቦው በጉሮሮ አልፎ በሆድ በኩል ብቅ አለ። ሥራው በደቂቃዎች የሚያልቅ፣ ከባድ ሰመመንም የማያስፈልገው ሆነ።

የሥራው መቅለል በረከት እንደ ነበረ አልክድም፤ መዋጥ ሳይችሉ ተወልደው በዚህ ቱቦ አድገው ለወግ ለማዕረግ የበቁ ልጆች ምስክር ናቸው። ነገር ግን አንድ ሥራ ሲቀል፣ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ጥያቄ አብሮት እየሳሳ የሚሄድበት ጊዜ አለ። ለሕፃናት የታሰበው ቱቦ ሃያ ዓመት ሳይሞላው በስትሮክ ለተመቱ፣ በካንሰር ለደከሙ፣ በመርሳት በሽታ መጨረሻ ላይ ለደረሱ አረጋውያን እንደ ዘወትር ሥርዓት ይደረግ ጀመር። ከፈልሳፊዎቹ አንዱ የሆነው ጋውደረር ራሱ ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ሥራው በመቅለሉ ምክንያት ከመጠን በላይ እንደሚደረግና ከእንግዲህ ወዲያ ዋናው ትኩረት የሥነ ምግባሩ ጥያቄ ሊሆን እንደሚገባ መጻፉን በታላቅ አክብሮት አስባለሁ፤ በእጁ ሥራ ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚያነሣ ፈልሳፊ ጥቂት ነውና።

የዕጣው ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በስትሮክ የተመታ ሰው ብዙ ጊዜ የመዋጥ ኃይሉ ይደክማል፤ ውኃ ቢያጠጡት ወደ ሳንባው ይገባበታል። ታዲያ ወዲያው በቱቦ ይመገብ ወይስ ጥቂት ቀን ይጠበቅ? ቱቦውስ በአፍንጫው በኩል ይግባ ወይስ በሆዱ? በ1996 በእንግሊዝ አገር በኖቲንግሃም 30 በሽተኞችን በዕጣ የከፈለ አንድ ትንሽ ጥናት፣ በሆድ በኩል ከተመገቡት 16 ሰዎች በስድስት ሳምንት 2 ሲሞቱ፣ በአፍንጫ በኩል ከተመገቡት 14 ሰዎች 8 መሞታቸውን አስታወቀ። ይህን ያነበበ ሐኪም ሁሉ በሽተኛውን ወደ ሆድ ቱቦ ቢልክ ማን ይፈርድበታል? ሆኖም ከኤዲንብራ የተመራው «ፉድ» የተባለው ታላቅ ጥናት ያንኑ ጥያቄ በ11 አገሮች በሚገኙ 321 በሽተኞች ላይ መልሶ ቢጠይቅ፣ በ2005 የወጣው ውጤት ፊቱን አዞረ፦ በሆድ ቱቦ የተመገቡት በሞት ወይም በከባድ አካለ ስንኩልነት የተጎዱበት መጠን ከሌሎቹ ከመቶ 7.8 ያህል በለጠ። ቶሎ መመገብን ቢያንስ አንድ ሳምንት ከመቈየት ጋር ያነጻጸረው የዚያው ጥናት ሌላው ክፍል ደግሞ በ859 ሰዎች ላይ፣ ቶሎ በተመገቡት ዘንድ ሞት ከመቶ 5.8 ያህል እንደ ቀነሰ አሳየ፤ ይህም ቍጥር በአጋጣሚ ሊገኝ ከሚችለው ገና ያልራቀ ነበር፤ ከሞት ከተረፉትም ብዙዎቹ በከባድ ጉዳት ውስጥ ሆነው ቀሩ። እንግዲህ 30 ሰው ያስተማረን ነገር 321 ሰው ሲመሰክር ጸንቶ ካልቆመ፣ አንድ ሐኪም በዕድሜው ያያቸውን ጥቂት በሽተኞች አስታውሶ በርኅራኄ ብቻ የሚሰጠው ፍርድ ምን ያህል ሊያስተው እንደሚችል መገመት ይቻላል።

በቅዱሳት መጻሕፍት ውስጥ ዕጣ ሲጣል ሁለት ዓይነት ሆኖ እናገኘዋለን። ጭፍሮች በመስቀሉ ሥር በጌታ እጀ ጠባብ ላይ ዕጣ ሲጣጣሉ፣ ዓይናቸው በልብሱ ላይ እንጂ በሚሞተው ላይ አልነበረም። ሐዋርያት ግን ከዕርገት በኋላ በይሁዳ ፈንታ አሥራ ሁለተኛውን ለመሾም በተሰበሰቡ ጊዜ፣ ከዮሐንስ ጥምቀት ጀምሮ ከእነርሱ ጋር የነበሩትን ሁለት ሰዎች፣ ኢዮስጦስ የተባለውን ዮሴፍንና ማትያስን አቆሙ፤ ጸለዩ፤ ዕጣውን የጣሉት ከዚያ በኋላ ነው። የሚመረጠው ሰው ምን ሊያሟላ እንደሚገባ አስቀድመው ተናገሩ፤ የማይገባውን ለይተው አስቀሩ፤ ሁለቱ እኩል የተገቡ ሆነው ሲገኙና የሰው ማስተዋል ከዚያ ወዲያ መሄድ ሲሳነው፣ የቀረውን ልብን ለሚያውቅ አምላክ ተዉት። በጥናት ላይ የሚጣል ዕጣም ከነዚህ ከሁለቱ የአንዱ ዘመድ መሆኑ አይቀርም። ሐኪሙ አንደኛው መንገድ እንደሚሻል በልቡ እያወቀ በሽተኛውን ለዕጣ ቢሰጠው የጭፍሮቹን ዕጣ ጣለ፤ በሽተኛው ልብስ ሆነበት። ኤዲንብራዎቹ ያጸኑት ሕግ ግን አንድ ሕሙም ወደ ጥናቱ የሚገባው ኃላፊው ሐኪም የትኛው እንደሚሻል በእውነት ሲጠራጠር ብቻ ነው የሚል ነበር። ይህ ሕግ ካልተጓደለ፣ ዕጣ የወጣለት በሽተኛ ምንም የተነፈገው የታወቀ በጎ ነገር የለም፤ ሁለቱም መንገዶች በዚያች ሰዓት በሰው ፊት እኩል ናቸውና።

ምናልባት፣ መጠራጠሩስ ይሁን፣ ታዲያ ለምን ሐኪሙ ራሱ ደስ ያለውን አይመርጥም የሚል ይኖራል። መልሱ ወደ ሰው ልብ ድካም ይወስደናል። ሐኪም በተስፋ የሚያየውን በሽተኛ ወደ አንዱ ወገን፣ ተስፋ የቈረጠበትን ወደ ሌላው፣ ሳያውቀው ያደላል፤ በመጨረሻም የዳኑትንና የሞቱትን ሲቈጥር የቱቦውን ኃይል የለካ ይመስለዋል እንጂ የለካው የገዛ ራሱን ተስፋ ነው። ዕጣ ፊት አይቶ አያዳላም፤ ብርቱውንና ደካማውን፣ ባለጠጋውንና ድኻውን በሁለቱም ወገን እኩል ያሰልፋል። ሐኪሙ ዕጣ ሲቀበል አላውቅም ብሎ ራሱን ማዋረዱ ስለሆነ፣ ይህን ትሕትና ከምሁርነት ማዕረግ ሁሉ በላይ አድርጌ እቈጥረዋለሁ።

ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ ግን ስለ መብል ክብር የሚነሣው ነው፤ ይኸውም መድኃኒት ይመረመራል፣ እንጀራና ውኃ ግን የፍጥረት መብት ናቸውና ለምርመራ አይቀርቡም የሚለው ነው። በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ይህ ክርክር ረጅም ዕድሜ አለው። በ16ኛው መቶ ዓመት በሳላማንካ ያስተምር የነበረው ፍራንሲስኮ ዴ ቪቶሪያ፣ መብል እጅግ ከባድ ሥቃይ ሆኖበት መብላት የተሳነው ሕሙም ባለመብላቱ ኃጢአት አይሆንበትም ብሎ ነበር፤ የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛም በ1957 ለሰመመን ሐኪሞች ሲናገሩ፣ ሰው ሕይወቱን ለመጠበቅ የሚገደደው እጅግ የከበደ ሸክም በማያመጡ ተራ መንገዶች መሆኑን አስረድተዋል። በማርች 2004 ግን ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ፣ ንቃታቸውን ለብዙ ጊዜ ስላጡ ሕሙማን ሲናገሩ፣ በቱቦም ቢሆን የሚሰጥ ምግብና ውኃ የሕክምና ሥራ ሳይሆን ተፈጥሯዊ የሕይወት መጠበቂያ ስለሆነ በመሠረቱ ግዴታ ነው አሉ፤ እርሳቸውም በሚቀጥለው ዓመት ሊያርፉ ጥቂት ቀናት ሲቀራቸው በአፍንጫቸው በገባ ቱቦ ተመግበዋል። ከሁለቱ ወገን ለአንዱ ብቻ አድሬ ሌላውን ልነቅፍ አልነሣም፤ ነገር ግን ብዙ ተከራካሪዎች አልፈውት የሚሄዱት አንድ ነገር በዚያው በ2004 ቃል ውስጥ አለ። ግዴታው የሚጸናው ምግቡ የራሱን ፍጻሜ፣ ማለት ሰውን መመገብንና ሥቃዩን ማቅለልን፣ እስካስገኘ ድረስ ነው ተብሎ ተወስኗል። እንግዲህ በቱቦ የሚወርደው ነገር ሰውየውን መመገቡን ወይም ሳንባውን ማጥለቅለቁን፣ ሥቃዩን ማቅለሉን ወይም ማብዛቱን በምን ይታወቃል? በጸሎት ብቻ አይታወቅም፤ በአባቶች ቃልም አልተጻፈም። የሚታወቀው በምርመራ ነው። ግዴታን እጅግ አጽንቶ የሚያስተምረው ትምህርት እንኳ ፍጻሜውን ለማወቅ የሐኪሞቹን ቈጠራ ይጠብቃል ማለት ነው። የተራበን አብላ የሚለው ትእዛዝ የሚመለከተው የተራበውን ሰው ነውና፣ ያበላነው ነገር ደርሶለት እንደ ሆነ መጠየቅ የትእዛዙ ክፍል እንጂ ተቃራኒው አይደለም።

በመርሳት በሽታ መጨረሻ ላይ ስለ ደረሱ አረጋውያን የተገኘው ዕውቀት ይህን በግልጥ ያሳያል። እነዚህ ሰዎች ምግብን ከአፋቸው ይመልሳሉ፣ መዋጥን ይረሳሉ፣ ይከሳሉ፤ ልጆቻቸውም እናታችን በረኃብ ልትሞት ነው ብለው ይጨነቃሉ። በ1999 ፊኑኬንና ባልደረቦቹ የተጻፈውን ሁሉ ሰብስበው ቢመረምሩ፣ ቱቦው ከሳንባ ምች እንደሚጠብቅ፣ ዕድሜ እንደሚያስረዝም፣ የአልጋ ቁስል እንደሚያሽር የሚያስረዳ ማስረጃ አላገኙም፤ በ2012 የወጣውና ከ36,000 በላይ አረጋውያንን የተመለከተው የቴኖና የባልደረቦቿ ጥናትም፣ ቱቦው ቶሎም ይግባ ዘግይቶ፣ ዕድሜን እንዳልጨመረ አሳየ። በዕጣ የተከፈለ ጥናት ግን በእነዚህ ሕሙማን ላይ አልተገኘም። ለዚህ ማንንም አልወቅስም፤ ፈቃዱን መግለጥ የማይችልን ሰው ለዕጣ መስጠት፣ ልጅንም በእናቱ መብል ላይ ለዕጣ ፈቃድህን ስጥ ማለት፣ ከሴንት ማርቲን ውል የባሰ ጭንቀት ሊሆን ይችላልና። ያለ ዕጣም ቢሆን ምስክሩ እየበዛ በመሄዱ፣ የአሜሪካ የአረጋውያን ሐኪሞች ማኅበር ለእነዚህ ሕሙማን በቱቦ ፈንታ በትዕግሥት በእጅ መመገብን መክሯል፤ በመጦሪያ ቤቶች በዚህ ደረጃ ላይ ከደረሱት መካከል ቱቦ የሚገባላቸው በ2000 ከመቶ 12 ያህል የነበሩት በ2014 ወደ 6 ያህል ዝቅ አሉ። በአገራችን ማጉረስ የፍቅር ምልክት መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ይህ ምክር እንግዳ አይሆንበትም። ጥቂት ወስዶ፣ አለስልሶ፣ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ አፏን እስክትከፍት ጠብቆ ማጉረስ፣ በቃኝ ስትልም እጅን መመለስ፣ አንድ ሰው ለአንድ ሰው የሚሰጠው ጊዜ ነው፤ ቱቦው ግን ይህን ጊዜ ከእኛ ላይ አንሥቶ ለመሣሪያ ያስረክበዋል። ብዙ መጦሪያ ቤት ቱቦውን የወደደው ስለ በሽተኛው ጥቅም ሳይሆን የአስታማሚ እጅ ስላነሰው መሆኑን ሳስብ እጅግ ያሳዝነኛል።

እንዲህም ሆኖ ከዚህ ተነሥቶ ቱቦን በጠቅላላው የሚነቅፍ ሰው ይሳሳታል፤ በአገራችንም ስሕተቱ የከፋ ይሆናል። በአርሲና በባሌ የምግብ መውረጃ ቧንቧ ካንሰር ከሌላው ክፍል ይልቅ በብዛት ይታያል፤ ከሕሙማኑም ብዙዎቹ ወደ ሐኪም የሚመጡት እንጀራው ቀርቶ ውኃ እንኳ አልወርድ ሲላቸው፣ በሽታውን ቈርጦ ማውጣት ከማይቻልበት ደረጃ ላይ ደርሰው ነው። አእምሮው የተሟላ፣ ረኃቡም እውነተኛ ረኃብ የሆነ ገበሬ ከፊታችን ተቀምጧል፤ በኤዲንብራም በአሜሪካም የተገኘው ውጤት ስለ እርሱ የሚናገረው በጣም ጥቂት ነው። ለዚህ ሰው በሆዱ ቱቦ ቢገባለት ቤቱ ሄዶ ወተትና አጥሚት በሲሪንጅ ይቀበላል፤ ቱቦው ቢዘጋ ወይም ዙሪያው ቢመግል ግን የሚያይለት ሐኪም የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ይገኛል። ሌላው መንገድ ስቴንት የሚባለው፣ በተዘጋው ቧንቧ ውስጥ ገብቶ ራሱን የሚከፍት የብረት መረብ ነው፤ በኬንያ በቦሜት ያለው የቴንዌክ ሆስፒታል በዚሁ በሽታ ለተያዙ ለብዙ ሰዎች ሲያስገባው ቈይቷል። ስቴንት የገባለት ሰው በአፉ ይውጣል፤ ነገር ግን ብረቱ ሊንሸራተት፣ ካንሰሩም አድጎ መልሶ ሊደፍነው ይችላል፤ ዋጋውም ቀላል አይደለም።

እነዚህ ሁለቱ በእውነት እኩል የቆሙ እጩዎች ሆነው ለሚታዩት ሐኪም፣ በመካከላቸው ዕጣ መጣል ለእኔ የተፈቀደ ብቻ አይደለም፤ ሳይጣል በቀረ ቍጥር በአርሲ የሚኖሩ ሕሙማን ለሌላ አገር ሰዎች በተገኘ ዕውቀት እየተዳኙ ይኖራሉና፣ የሚገባ ሥራ ነው እላለሁ። ይሁን እንጂ በሽተኛው የሚጠየቀው በሚናገርበት ቋንቋ፣ በአርሲ ቢሆን በአፋን ኦሮሞ፣ ሁለቱም መንገዶች የሚያስከትሉት ጉዳት ሳይሸሸግ ተነግሮት፣ አይሆንም ቢል ያው ሕክምና ሳይጓደልበት እንደሚሰጠው በደንብ ከተረዳ በኋላ ነው፤ ድኽነቱ ወደ ጥናቱ የሚጎትተው ገመድ እንዳይሆንም፣ ለተመዘገበውና ላልተመዘገበው የሚከፈለው ዋጋ አንድ ሊሆን ይገባል። ውጤቱ ሲመዘን ደግሞ ሐኪሞች የሚመዘግቡት የሰውነቱን ክብደትና የኖረባቸውን ወራት ብቻ አይሁን፤ ክርስቲያኑ ሥጋ ወደሙን ለመቀበል፣ ሙስሊሙ በረመዳን ማፍጠሪያ ላይ ተምሩን ለመቅመስ የቻለባቸው ቀኖችም በዚያው መዝገብ ላይ ተቈጥረው ይጻፉ።